ለቢራቢሮ ከሆነ ልምጭ ትከይ

እህቴ፣ ካዛንቺስ ያለችው ጠባብ ግቢሽ በአበባ ተሞልታ ሳለ ቢራቢሮ ለምን አይሰነብትም ብለሽ ጠይቀሻል። አበባሽ የሚጠጣ ነገር ብቻ ነው የሚሰጣቸው። እናቲቱ እንቁላል የምትጥልበት ቅጠል ካጣች ጠጥታ መሄዷ ነው።

እኔ ልምጭን እመክርሻለሁ፤ ያንኑ መፋቂያ የምናደርገውን የአገራችንን ቁጥቋጦ። የሎሚ ዘመድ ነው፣ ቅጠሉን በጣትሽ ስታሺው ሽታው ያውድሻል። አበባው ነጭና ጥቃቅን ነው።

ጥቁር ላይ ፈዛዛ ቢጫ ነጠብጣብ ያለባት ትልቋ ቢራቢሮ ለጋው ቅጠል ላይ አንድ አንድ እያለች እንቁላል ትጥላለች። የሚፈለፈለው ትል መጀመሪያ የወፍ ኩስ ነው የሚመስለው፣ ሳየው ሁሌም ይገርመኛል! ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። ብትነኪው ከራሱ ኋላ ባላ የመሰለ ቀንድ ብቅ ያደርግና ኃይለኛ ሽታ ይለቃል። አትፍሪው፤ እንደ አባጨጓሬ ፀጉር የለውም፣ አያሳክክም።

እባክሽ የተባይ መድኃኒት አትርጪበት። ቅጠሉ ተበላ ብለሽም አትዘኚ፣ የምትተክይው ለዚሁ ነው። ልምጭ ካጣሽ ሎሚ ወይም ብርቱካንም ይሆናል፣ ትሉ እነሱንም ይበላል። ግን አገር በቀሉን ብታስቀድሚ ደስ ይለኛል። ችግኝ ስትገዢ ቅጠሉን አሽተሽ አሽትቺው።