ልጄ ኳሱን ይተው ወይ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። በትምህርቱ ጎበዝ ነው፤ የዓይን ሐኪም እሆናለሁ ይላል። ግን ከሜዳ አይጠፋም፤ የሰፈራችን ቡድን በረኛ ነው። አባቱ «ወይ ኳሱን ወይ ሕክምናውን ምረጥ» ብሎ ጫማውን ሣጥን ውስጥ ቆልፎበታል። እርስዎም ኳስ ይጫወቱ እንደነበር ሰምቻለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ሰው አለ ወይ?
የልጅ እናት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ጫማው ከሣጥን ይውጣ። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራዋለን።

አለ ወይ ላሉኝ፣ አለ። ጄፍሪ ታቢን የሚባል አሜሪካዊ የዓይን ቀዶ ሐኪም ነው። ዬል ዩኒቨርሲቲ ሳለ ቴኒስ ይጫወት ነበር፤ ኋላ ተራራ መውጣት ለከፈው። ሃርቫርድ ሕክምና ሲማር እንኳ ትምህርቱን እያቋረጠ ወደ ሂማላያ ይሄድ ነበር። (ይቺን ለልጅዎ አያንብቡለት።) እ.ኤ.አ. በ1983 ኤቨረስት በምሥራቅ ፊቱ፣ ካንግሹንግ በሚባለው ገደል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ ከቡድኑ አባላት አንዱ ነበር። ስድስት ጓደኞቹ ጫፍ ሲደርሱ እሱ ግን ሳይደርስ ቀረ። አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1988 በሌላ መንገድ ተመልሶ ወጣው። ራስ ዳሸንን ሁለት አድርገን ብንደራርበው ኤቨረስትን የሚበልጠው በጥቂቱ ነው፤ ከደባርቅ ተነሥቶ ሰሜን ተራሮችን የወጣ ሰው ትንፋሹ ምን እንደሚሆን ያውቀዋል።

ወደ ዓይን ሕክምና ያመጣውም ያው የተራራ ፍቅሩ ነው። ኔፓል ውስጥ በጠቅላላ ሐኪምነት ሲሠራ፣ ከሆላንድ የመጡ ሐኪሞች የዓይን ሞራ (የዓይን ሌንስ ደፍርሶ ብርሃን ሲጋርድ ማለት ነው) ያሳወራትን ሴት ቀድደው ሲያበሩላት አየ። ከዚያ ወዲያ ዓይን ካልሆነ አለ። ስፔሻሊስት ሆኖ ተመለሰና ከኔፓላዊው ሐኪም ከሳንዱክ ሩይት ጋር ገጠመ፤ እ.ኤ.አ. በ1995 አንድ ላይ ድርጅት አቋቋሙ። የሩይት ዘዴ በትንሽ ቀዳዳ ሞራውን አውጥቶ፣ በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ያለ ስፌት መትከል ነው። ሌንሱን ካትማንዱ ውስጥ ራሳቸው ማምረት ሲጀምሩ፣ ከመቶ ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረው ወደ ጥቂት ዶላር ወረደ። ድርጅታቸው እዚህ ኢትዮጵያም ሠርቷል። በአገራችን ዓይናቸውን ካጡት ግማሽ ያህሉ በሞራ ነውና ሥራው አያልቅም።

አሁን ስለ ራሴ። እኔም በረኛ ነበርሁ። ስፔሻሊስት ከሆንሁ በኋላም እሑድ ጠዋት ከባልደረቦቼ ጋር መጫወቴን አልተውሁም። አንድ እሑድ፣ ምኑም የማያስፈራ ኳስ ለማዳን ስወረወር የቀኝ አውራ ጣቴ ወደ ኋላ ተቀለበሰ። ሰኞ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ከጃናሞራ በልጅ ልጃቸው ተመርተው የመጡ ሽማግሌ ናቸው። የታሰረ ጣቴን ማየት ስለማይችሉ ልጁ ነገራቸው። «እና እስኪሽርልህ እኔ የት ልደር፣ ልጄ?» አሉኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሌላ ሐኪም እስኪደርስላቸው ሁለት ሳምንት ከዘመድ ቤት ተቀመጡ፣ ልጁም ከትምህርቱ ቀረ። ጓንቴን ለሰፈር ልጅ ሰጠሁ።

ኳሱን ግን አልተውሁም፤ ወደ ተከላካይ መስመር ወጣሁ። የሰው ዓይን የምንሠራው በማይክሮስኮፕ ነው፤ እጅ ሥራ ላይ ስለሆነ ማይክሮስኮፑ የሚታዘዘው በእግር ነው። ፔዳል አለው፤ አጥርቶ ማሳየቱም፣ ማቅረቡም፣ ማራቁም በጫማ ጫፍ ነው። ጀማሪ ሐኪሞች እጃቸው ቀጥ ብሎ እግራቸው ሲደናገር አያለሁ። ኳስ የተጫወተ ልጅ ግን ቶሎ ይለምደዋል፤ እግሩን ሳያይ ማዘዝ ያውቅበታላ። ደግሞ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ አንገት ደፍቶ መሥራት ወገብ ይፈልጋል። በቀዶ ሕክምና ዋዜማ ክብደት ማንሣት ግን የለም፤ ጠዋት እጅ ያንቀጠቅጣል። እኔ በዚያን ቀን ጠዋት ቡናም አልጠጣም። እናቴ አቦል ትተህ ትወጣለህ እያለች እስካሁን ትቀየመኛለች።

ስለዚህ ልጅዎ ከግቡ ይውጣ እንጂ ከሜዳው አይውጣ። አሠልጣኙ በክንፍ ይሞክረው። እስከ ፈተናው ድረስ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው የብዙ ዓመት ንባብ ስለሆነ እግሩን ማፍታቻ ያስፈልገዋል። መነጽር ካደረገ ግን በመስታወት መነጽር እንዳይጫወት፤ የሚታሰር የስፖርት መነጽር አለ።

አባቱን ደግሞ ይላኩልኝ። ከ40 ዓመት ካለፈ የዓይኑን ግፊት ልለካለት፤ እግረ መንገዱንም ፔዳሉን ላሳየው።