መልስ፦ የጓሮ ሎሚና ቅርንጫፉን ለባዛር ላምጣ ወይ?
እህቴ፣ ሎስ አንጀለስ ጓሮዬ ያለውን ሎሚና ለመትከል የሚሆን ቅርንጫፍ ለቤተክርስቲያን ባዛር ላምጣ ወይ ላልሽው፣ ሀሳብሽ በጣም ደስ ይላል ግን ቅርንጫፉን በእግዚአብሔር ተይው። ኤችኤልቢ የሚባል የሲትረስ (የሎሚና የብርቱካን ዘር) በሽታ አለ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘው 2012 ላይ ሃሲዬንዳ ሃይትስ አንድ ሰው ግቢ ውስጥ ነው፣ መድኃኒት የለውም ዛፉን ይገድለዋል፣ ትንሽዬ ነፍሳት ታስተላልፈዋለች በተቆረጠ ቅርንጫፍም ይሄዳል፣ ዛፉ ደግሞ ታሞም ለረጅም ጊዜ ምልክት ላያሳይ ስለሚችል ጤነኛ ይመስላል ብለሽ እንዳትተማመኚ። ግራፍት ማድረግ (ቅርንጫፉን ሌላ ዛፍ ላይ ማዳቀል) ለሚፈልግ ዩሲ ሪቨርሳይድ የሚባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተመረመረ ንፁህ ቅርንጫፍ ለማንም ይሸጣል። ሰፈርሽ ኳራንቲን ውስጥ፣ ማለት በበሽታው ምክንያት ሲትረስ ማንቀሳቀስ የተከለከለበት ክልል ውስጥ ከሆነ ፍሬውንም እንዳለ ከግቢ አታውጪው፣ እዛው ማርማላታ ስሪውና በጠርሙስ ይሸጥ፣ እንደውም ከጥሬው የተሻለ ገንዘብ ያመጣል ብዬ ነው የማስበው፣ የመሸጫ ፈቃዱን ብቻ ቀድመሽ ካውንቲውን ጠይቂ።