ፀሐይ ወጣ ወይስ ፀሐይ ወጣች?

ጥያቄ፦ «የሁለተኛ ዓመት የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። ሰሞኑን የጥንት ግብፃውያንን አፈ ታሪኮች በእንግሊዝኛ እያነበብኩ ነው። እውነቴን ነው፣ እንዲህ ይይዘኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ፀሐይ ማታ ማታ በጀልባ ወደ ሙታን አገር ወርዶ ከእባብ ጋር ሲታገል እንደሚያድር አንብቤ፣ ሲነጋ እፎይ አልኩ። ችግር የመጣው ለአያቴ በአማርኛ ልነግራት ስል ነው። ‹ፀሐይ በጀልባው ተሳፍሮ› ከማለቴ ‹ፀሐይ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ወንድ የሆነው?› ብላ ሳቀችብኝ። ‹ተሳፍራ› እንዳልል የፀሐይ አምላኩ ራ ወንድ ነው። ሌላም አለ። አምላኩን ኦሲሪስን የገደለው ወንድሙ ስሙ ‹ሴት› ነው። ‹ሴት ወንድሙን ገደለ› ብዬ ጽፌ ሳነበው ለራሴም ግራ ገባኝ። ምን ይሻላል?»

መልስ፦ አያትሽ ልክ ናቸው። አንቺም ብዙ አልተሳሳትሽም።

በአማርኛ ግዑዝ ነገር ጾታው ከቃሉ ጋር ተሰፍቶ አይቀርም። ተናጋሪው ነገሩን ያየበትን ዓይን ይከተላል። «መኪናው ተበላሸ» ያለው ሰውዬ፣ ፍቅሩ ሲነሳበት «መኪናዬ እኮ አታሳፍረኝም» ይላል። ፀሐይም እንዲሁ ናት። ሰማይ ላይ የምናያት ስትሆን ወጣች፣ አዘቀዘቀች፣ ጠለቀች እንላለን። ሙቀቷ ሲያስመርረን ግን «ፀሐዩ ከረረ»፣ «ፀሐዩ አናቴን በሳው» ነው። ሴቷን ልጅ ፀሐይ፣ ወንዱን ፀሐዩ ብለን ስም እናወጣለን። ክርስቶስ «ፀሐየ ጽድቅ» ሲባልም የሚስቅ የለም። ቃሉ ወንድ መሆን አቅቶት አያውቅም።

ታዲያ አያትሽ ለምን ሳቁ? ባለቤቱን ሳታስተዋውቂ ግሡን ስላመጣሽው ነው። «ፀሐይ» ስትያቸው በዓይናቸው የመጣችው ያቺው የዘወትሯ ፀሐይ ናት። እሷን ጀልባ ላይ አውጥተሽ «ተሳፍሮ» ስትያት ያስቃል። ስለዚህ ስሙን አስቀድሚ። «ራ የሚባል የፀሐይ አምላክ ነበረ። ማታ በጀልባው ተሳፍሮ ይወርዳል» በያቸው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ጎን ለጎን መኖር ይችላሉ፦ «ፀሐይ ስትጠልቅ ራ ጀልባውን ይቀይራል።» መቀየሩ እውነት ነው፤ የቀንና የሌሊት ጀልባው ለየብቻ ናቸው።

ሳልረሳው፣ የራ የሌሊት ጉዞ 12 ሰዓት ነው። አንደኛው ሰዓት የሚቆጠረው ፀሐይ ከጠለቀች ጀምሮ ነው። ይህን ለአያትሽ ማስረዳት የለብሽም፤ እሳቸውም የሚቆጥሩት ከምሽቱ 1 ሰዓት ብለው ነው። የሚቸገረው የፈረንጁ አንባቢ ነው።

ከፀሐይ ይልቅ የሚያስቸግርሽ ሰማይና ምድር ነው። እኛ ጋ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ምድር ደግሞ ሴት ናት። ኦሪት ዘፍጥረትም «ምድርም ባዶ ነበረች» ይላል። ግብፃውያን ገለበጡት። ሰማይ ኑት የምትባል ሴት ናት። ምድር ደግሞ ጌብ የሚባል ወንድ ነው። በሥዕሎቻቸው ላይ ጌብ መሬት ላይ ተጋድሟል። ኑት እጅና እግሯን ተክላ በላዩ ጎንበስ ብላለች። መሃል ላይ የአየር አምላክ ሹ በሁለት ክንዱ ደግፏታል። ማታ ፀሐይን የምትውጠው፣ ጠዋት መልሳ የምትወልደው እሷ ናት። ይህን ስትተርኪ «ሰማዩ ፀሐይን ወለደ» ብለሽ እንዳትገቢበት። «ኑት ወለደችው» በይ።

ሰማይን ሴት ማድረጋቸው ከቋንቋቸው ጋር ይገጥማል። በግብፅኛ ሰማይ የሚለው ቃል መጨረሻው «ት» ነው፤ የአንስታይ ምልክት። ይህች «ት» ለእኛ ባዳ አይደለችም። ንጉሥን ንግሥት፣ ቅዱስን ቅድስት የምታደርገው ናት። ጥንታዊ ግብፅኛና የእኛ ሴማዊ ቋንቋዎች በሩቁም ቢሆን ዘመዳሞች ናቸውና። በሂሮግሊፍ፣ በጥንት ግብፃውያን የሥዕል ጽሕፈት፣ አናባቢ አይጻፍም። «ወንድም» የሚለው ቃል በ«ስ» እና «ን» ይጻፋል። እኅት ሲሆን «ት» ይጨመርበታል።

አሁን ወደ «ሴት» እንምጣ። ስሙን አትንኪው። «ሴዝ» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ እኔ አልወደውም፣ በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ የመጣ ነው። ስሙ በግሪክኛ ቴታ (θ) በሚባለው ፊደል ይጻፋል። ግዕዝ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ቴታን በ«ት»፣ ሌላውን የግሪክ ፊደል ታውን (τ) በ«ጥ» ማስገባት ልማዱ ነው። «ጢሞቴዎስ» ውስጥ ሁለቱንም ታገኛቸዋለሽ። የአዳም ልጅ ሴትም በመጽሐፍ ቅዱሳችን የሚጻፈው በዚሁ ፊደል ነው።

የሚያድንሽ ግሡ ነው። «ሴት ወንድሙን ገደለ» ውስጥ «ወንድሙን»ም «ገደለ»ም ወንድ መሆኑን ይመሰክራሉ። መጀመሪያ ላይ አንዴ «ሴት የተባለው አምላክ» ብትዪ ይበቃል። አደጋው ያለው ተሳቢ ሲሆን ነው። ስለ ኦሲሪስ ልጅ ስለ ሆረስ ስትጽፊ «ሆረስ ሴትን አሸነፈ» ካልሽ አንባቢ ማንን አሸነፈ ይላል። «ሴትን አሸነፈው» በይ። «ው» ነገሩን ትጨርሰዋለች።

ደግሞስ ይህ ስም በአማርኛ የሚሰጥሽን ጨዋታ ለምን ትጥይዋለሽ? ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1150 ገደማ በተጻፈ ፓፒረስ (የደንገል ወረቀት) ላይ፣ ሴትና ሆረስ በኦሲሪስ ዙፋን 80 ዓመት ይካሰሳሉ። የሆረስ እናት ኢሲስ ቆንጆ ልጃገረድ መስላ ወደ ሴት ትሄዳለች። እንግዲህ ሴት በሴት ተታለለ። «ባሌ ከብት ጠባቂ ነበር፣ ሞተ። ልጄ የአባቱን ከብት ሲጠብቅ አንድ እንግዳ መጥቶ ልውሰድ አለ» ትለዋለች። ሴትም «የሰውየው ልጅ እያለ ከብቱ ለባዕድ ይሰጣል እንዴ?» ብሎ ይፈርዳል። ወዲያው ወፍ ሆና ግራር ላይ ትወጣና የገዛ አፍህ ፈረደብህ ትለዋለች።

በግብፅኛ ከብት የሚለውና ሹመት የሚለው ቃል ድምፃቸው አንድ ነው። ሰሙ ከብት፣ ወርቁ ዙፋን። ቃል በቃል «ከብት» ብለሽ ከተረጎምሽው ወርቁ ይቀራል፣ አያትሽም ሴት ለምን እንደተሸነፈ አይገባቸውም። እኔ ብሆን «ከብት» የሚለውን ቃል እዚህ ጭራሽ እተወዋለሁ። አማርኛ «የአባቱን» ብሎ ማቆም ይችላል። ኢሲስ «ልጄ ያባቱን ሲጠብቅ እንግዳ መጣበት» ትበል። ሴትም «ልጁ እያለ ያባቱን ለባዕድ ይሰጣሉ እንዴ?» ብሎ ይመልስ። ከብት ጠባቂው አስቀድሞ ስለተነሳ እሱ ከብቱን ያስባል። እሷ ዙፋኑን።