ከጋራዥ ወደ ሞተር ጀልባ፦ ለደብረ ብርሃኑ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ውድ ወንድሜ፣

በደብረ ብርሃን በአውቶሞቲቭ ሙያ ሠልጥነህ ሁለት ዓመት በጋራዥ መሥራትህን፣ ባለፈው ጥር ባሕር ዳር አጎትህ ዘንድ ሄደህ በትንሽ ሞተር ጀልባው ከጣና ወደ ዓባይ መውጫ ስትወርዱ ሞተሩ ግሎ መቆሙንና አብራችሁ መጠገናችሁን፣ ከዚያ ወዲህም «ጋራዡን ትቼ የጀልባ መካኒክ ልሁን ወይ?» የሚል ሐሳብ እንደያዘህ ጽፈህልኛል። ሙያው ይስማማሃል ብዬ አምናለሁ፤ ጋራዡን ግን ዛሬ አትልቀቅ።

መጀመሪያ የፈለግከው ራዲያተሩን መሆኑን ሳነብ ፈገግ አልኩ፤ የመኪና ሰው ከዚህ ሌላ ምን ሊፈልግ ይችላል? ከጀልባ ኋላ የሚታሰረው ሞተር ግን ራዲያተር የለውም፤ ከሥሩ ባለው ማስገቢያ የወንዙን ውሃ ስቦ በሲሊንደሩ ዙሪያ ካዞረ በኋላ መልሶ ይተፋዋል። ከጎኑ እንደ ክር የሚፈሰው ውሃ ሲቋረጥ አጎትህ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋቱ፣ ማስገቢያውን የደፈነውን እንቦጭ ካነሣችሁ በኋላም ውሃው እንደቀጠነ ስታዩ እየቀዘፋችሁ ዳር ወጥታችሁ የታችኛውን ክፍል መፍታታችሁ፣ በመጨረሻም የውሃ ፓምፑ የጎማ ክንፎች ተቀዳደው ማግኘታችሁ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ የሚሄድ ትክክለኛ ምርመራ ነው።

ይሁን እንጂ በዚያ ቀን ያዳናችሁ እውቀታችሁ ብቻ ሳይሆን በሳጥኑ ውስጥ የነበረው ትርፍ የፓምፕ ጎማ ነው። ጋራዥ ውስጥ መለዋወጫ ሲጎድል ልጅ ወደ ሱቅ ይላካል፤ ውሃ ላይ የሚላክ ልጅም ሱቅም የለም። ስለዚህ የጀልባ መካኒክ ሥራው ከመነሣት በፊት ይጀምራል፦ ትርፍ ካንዴላ፣ የነዳጅ ፊልትሮ፣ መፍቻ፣ ገመድና መቅዘፊያ መኖራቸውን ያያል፤ የካምቢዮውን ዘይት ጠብ አድርጎ ይመለከታል፤ ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ከሆነ ውሃ ገብቶበታልና ጀልባው አይነሣም። ባለቤቱ ቱሪስቶቹ እየጠበቁ ነው ብሎ ቢጮህም አይነሣም።

ከደብረ ብርሃን ይዘኸው የምትሄደው እውቀት ደግሞ አለ። ጣርማ በርን የሚወጣ የጭነት መኪና ለምን ትንፋሽ እንደሚያጥረው ታውቃለህ፤ ያለ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሚሠራ ሞተር አየሩ ስለሚሳሳ በየ100 ሜትሩ ከፍታ 1 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ በባሕር ጠለል ከፍታ ልክ የተመረጠ ፕሮፔለር (ውሃውን እየገፋ ጀልባውን የሚያስኬደው ተሽከርካሪ ክንፍ) እዚያ ሲከብደው ሞተሩ ሙሉ ዙሩን ሳይደርስ ይቀራል፤ መፍትሔውም ሞተሩን ደጋግሞ መፍታት ሳይሆን የክንፉ ዘንበል ያነሰ ፕሮፔለር ማድረግ ነው።

እዚሁ በደብረ ብርሃን አካባቢ ልሥራ ብለህ ካሰብክ ግን አያዋጣም። ጀማም ሆነ ሞፈር ውሃ በገደል ውስጥ በድንጋይ መካከል የሚወርዱ፣ በክረምት የሚደነፉ፣ በበጋ የሚሳሱ ወንዞች ናቸው። ሥራው ያለው ጣና፣ ሐዋሳ፣ ጫሞ፣ እንዲሁም ባሮ በሚፈስበት ጋምቤላ ስለሆነ ከቤተሰብ መራቅን አስቀድመህ አስብበት። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ በመካኒካል ወይም በኤሌክትሪካል ምህንድስና ዲግሪ ያላቸውን ለውቅያኖስ መርከብ ያዘጋጃል እንጂ ለትንንሽ ጀልባ አይደለም፤ ሰዎች ሁለቱን ስለሚያደባልቁ አትሳሳት።

እኔ ብሆን በመጪው ክረምት ከጋራዡ የአንድ ወር ፈቃድ ጠይቄ አጎቴ ዘንድ እቆይ ነበር፤ ያኔ ቱሪስት ስለሚቀንስ ለጥገና ጊዜ ይገኛል። እስከዚያው ያገለገለ ትንሽ ሞተር ካገኘህ በውሃ በተሞላ በርሚል ውስጥ አቁመህ ተለማመድበት፤ በደረቁ ካስነሣኸው ግን የፓምፑን ጎማ በሰከንዶች ውስጥ ታበላሸዋለህ።

አንድ ነገር ሳትጽፍልኝ ቀርተሃል፦ ዋና ትችላለህ? ደጋ ያደግን ብዙዎቻችን አንችልም። ካልቻልክ ከመፍቻው በፊት እሱን ተማር፤ የምትማረውም በመዋኛ ገንዳ ይሁን እንጂ ጉማሬ በሚገኝበት በዓባይ መውጫ አይሁን።