የሜዳ እሳት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ክረምቱ አልፎ መሬቱ ሲደርቅ ወደ ጮቄ ተራራ፣ ወደ ዘንገና ሐይቅ፣ ወደ ጢስ ዓባይ የሚወጣው ሰው ይበዛል። ስለ እሳት የሚጠይቀኝም እንደዚያው። የተወሰኑትን እነሆ።

ጋሼ፣ በጥር ከባህር ዳር ስድስት ሆነን ጮቄ ልናድር ነው። እሳቱን የት እናንድድ?

መጀመሪያ የአገሩን ሰው ጠይቁ። ጮቄ ባዶ ሜዳ ቢመስልም ባለቤት አለው፤ ጓሳ ሣሩ ይታጨዳል፣ ከብት ይግጥበታል። እረኞቹ ድሮ እሳት የነደደበትን ቦታ ያሳዩአችኋል፤ እዚያው አንድዱ እንጂ አዲስ መሬት አታቃጥሉ። እንዲህ ያለ ቦታ ካላገኛችሁ ሣር የሌለበት አፈር ፈልጉና ዙሪያውን በየአቅጣጫው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ጥረጉ። ከድንኳን ቢያንስ 5 ሜትር ይራቅ፣ ነፋሱም ፍንጣሪውን ወደ ድንኳኑ የሚወስድ እንዳይሆን። ጓሳ ላይ የተነደደ እሳት ክፉ ነው፤ ከላይ የጠፋ መስሎ ሥሩን ይዞ ውስጥ ውስጡን ይጨስና በማግስቱ ነፋስ ሲያገኝ ይነሳል። እንጨት ከታች ገዝታችሁ ውጡ። አስታና ጅብራ የሚባሉትን የደጋ ተክሎች መቁረጥ ነውር ነው፣ ቀስ ብለው የሚያድጉ ናቸው። ደግሞ ደመራ የለመደ ዓይናችን ትንሽ እሳት አይሞላውም እንጂ ለስድስት ሰው ከጉልበት ያልበለጠ እሳት ይበቃል። ነፋሱ ከበረታ እሳቱ ይቅርባችሁ፤ ጋቢ ደርባችሁ ተኙ።

ጮቄ ላይ ምስር ስንቀቅል አልበስል አለን። እንጨቱ ነው?

ከፍታው ነው እህቴ። 4,000 ሜትር አካባቢ ውሃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እሳት ብትጨምሪ ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ምስሩን ቤት ቀቅለሽ ውጪ።

ሌሊቱ ሲበርድ ፍም በከሰል ምድጃ አድርገን ድንኳን ብናስገባስ? በሩን ከፈት እናደርጋለን።

በፍጹም! በሩ ተከፈተም አልተከፈተም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አያስነጥስም፣ አያስልም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ጭሱ ያለቀ ቀይ ፍም ደግሞ የበለጠ ያዘናጋል። ብረት ኮዳ ካላችሁ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ ክዳኑን አጥብቁና በካልሲ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉት።

የባህር ዛፍ ቅጠል ለማቀጣጠያ ይሆናል?

ይሆናል፣ ግን እፍኝ ብቻ። ዘይት ስላለው ቦግ ይላል፤ የደረቀው ቅጠል ደግሞ እየነደደ ይበራል። ባህር ዛፍ ሥር እሳት አታንድዱ። ቤንዚንማ ጭራሽ አይነሳ፤ እንፋሎቱ ነው የሚነደው፣ ክብሪት ከመጫራችሁ በፊት እናንተ ጋ ደርሷል።

ጉልቻ ከወንዝ ብናመጣስ?

ተዉት። ውሃ የጠጣ ድንጋይ ሲግል ሊፈነዳ ይችላል። ከሜዳ የደረቀ ልቀሙ።

ስንነሳ አፈር አልብሰን እንሄዳለን። ይበቃል አይደል?

አይበቃም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው። እናቶቻችን ለነገ እሳት ሲያቆዩ ፍሙን አመድ ውስጥ ያዳፍኑት የለ? አፈር ስታለብሱት እያዳፈናችሁት ነው። ውሃ አፍስሱ (እንፋሎቱ ፊታችሁን እንዳይመታ ጎን ቁሙ)፣ በእንጨት አማስሉ፣ እንደገና አፍስሱ። የእጃችሁን ጀርባ መጀመሪያ አስጠጉ፣ ካልሞቀ ንኩት። ሙቀት ካለ አልጠፋም ማለት ነው። ለዚህ የሚሆን አንድ ጀሪካን ሳይዛችሁ ክብሪት አትጫሩ፣ የሚጠጣውን ሳይጨምር። ውሃ ካለቀባችሁ አፈሩን ከፍሙ ጋር እያማሰላችሁ ቀዝቃዛ እስኪሆን አትሂዱ።

ልጄ እጁን ፍም ነካው፣ አያቱ ቅቤ ቀቡት። ጥሩ አደረጉ?

አያቱን አታስቀይሚያቸው፣ ግን ቅቤም የጥርስ ሳሙናም ሙቀቱን ቁስሉ ውስጥ ይይዙታል። ወዲያው ለ20 ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ይፍሰስበት፤ በረዶ አይሁን። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ። ቃጠሎው ፊት፣ እጅ ወይም መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ የአንቺው ልጅ እጁ ስለሆነ ዛሬውኑ ይታይ።