ሙቀቱ የት ገባ? የብርድ ወራት ጥያቄዎቻችሁ

ብርዱ ገባ፤ ጥያቄውም መጣ። ሂተሩ ቀን ከሌት ይሠራል፣ የምትከፍሉት ቢል ይጨምራል፣ ቤቱ ግን አይሞቅም ትላላችሁ። አምስቱን መርጫለሁ።

«ሳሎናችን ጣሪያው ከፍ ያለ ነው። ሂተሩ እየሠራ እግሬ ይበርደኛል። ባለቤቴ የጣሪያውን ፋን እናብራ ይላል። በብርድ ፋን ይበራል እንዴ?» (ከሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ)

እህቴ፣ ባለቤትሽ ልክ ነው። ሙቅ አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል። የከፈላችሁበት ሙቀት ጣሪያ ሥር ተከማችቶ እናንተ ሶፋ ላይ ጋቢ ትደርባላችሁ። ፋኑ ሙቀት አይፈጥርም፤ ያለውን ወደ ታች ይመልሰዋል።

አቅጣጫው ግን መቀየር አለበት። ፋኑን አጥፊውና ክንፎቹ እስኪቆሙ ጠብቂ። ሞተሩ ጎን ላይ ትንሽዬ ማብሪያ ማጥፊያ የምትመስል ነገር አለች (አንዳንዱ ሪሞቱ ላይ ነው ያለው)፤ ወደ ሌላው ጎን ግፊያት። ከሥር ሆነሽ ስታዪው ክንፎቹ የሰዓት ዘንግ በሚዞርበት አቅጣጫ መዞር አለባቸው። ፍጥነቱ የመጨረሻው ዝቅተኛ ይሁን። ያኔ አየሩ መሃል ላይ ወደ ላይ ይሳብና ሙቀቱን ይዞ በግድግዳው በኩል ይወርዳል። ንፋስ ፊትሽን ከነካሽ ወይ ፍጥነቱ በዝቷል፣ ወይ አቅጣጫው አልተቀየረም። እግርሽ ሲሞቅ ቴርሞስታቱን (የሙቀት መቆጣጠሪያውን) አንድ ሁለት ዲግሪ ቀንሺ። ካልቀነስሽ ቢሉ ያው ነው።

«ማንም የማይተኛበትን ክፍል የሙቀት መውጫ ብዘጋ ቢል ይቀንስልኛል?» (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ አትዝጋው ወንድሜ። ፈርነሱ (ቤቱን የሚያሞቀው ማሽን) የሚገፋው አየር ለመላው ቤት የተለካ ነው። አንዱን ስትዘጋ ቱቦው ውስጥ ግፊቱ ይጨምርና ሙቀቱ በየመጋጠሚያው ያፈተልካል። ይልቅ የፈርነሱን ፊልተር (የአየር ማጣሪያውን) አውጥተህ ወደ መብራት ያዘው። ብርሃን ካላሳለፈ ዛሬውኑ ቀይር። የአየር መውጫው ላይ ሶፋ ካስጠጋህም ፈቀቅ አድርገው።

ከዚያ ሰንደል ለኩስና በየመስኮቱና በየበሩ ጠርዝ ቀስ እያልክ አዙር። እኔ ቤት ጢሱ ቀጥ ብሎ እየወጣ ቆይቶ የሳሎኑ መስኮት ጥግ ሲደርስ ተጣመመ። ለካ ብርዱ የሚገባው በዚያ ኖሯል። የሚለጠፍ ስፖንጅ ገዝቼ ደፈንኩት።

«የባኞ ቤቱ ፋን ቀኑን ሙሉ ቢበራ ችግር አለው?» (ከዴንቨር)

አለው። የሞቀውን አየር ወደ ውጭ እየጣለ ነው። ሻወር ስትወስዱ አብሩት፣ ከጨረሳችሁ በኋላ 20 ደቂቃ ያህል ይሥራ፣ ከዚያ አጥፉት።

«መስኮቴ በየጠዋቱ ውኃ ያዝላል፣ ጥጉ ሻጋታ ይዟል። እንዳይሻግት ብዬ ቀኑን ሙሉ መስኮቱን ጋደል አድርጌ ነው የምውለው።» (ከፍራንክፈርት)

ጋደል ማድረጉ ነው የጎዳሽ። በዙሪያው ያለው ግድግዳ ይቀዘቅዛል፤ ከሚሠራው ወጥና ከታጠበው ልብስ የሚወጣው እርጥበት እዚያው ላይ ውኃ ይሆናል፤ ሻጋታ ደግሞ እርጥብ ቦታ ይወዳል። ራዲያተሩን ዝጊ፣ መስኮቱን ወለል አድርገሽ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ክፈቺ፣ መልሰሽ ዝጊ። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃል። አየሩ ይለወጣል፤ ግድግዳው ግን ሙቀቱን ስለሚይዝ ቤቱ ቶሎ ይሞቃል።

«ቡና በከሰል ካልፈላ አይጥመኝም። መስኮት ብከፍት ብርዱ ይገባል። የኩሽናው ፋን አይበቃም?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንዲት እናት)

አይበቃም፣ እናቴ። ይህን ጥያቄ ሳነብ ደንግጫለሁ። ብዙ የኩሽና ፋን አየሩን አጣርቶ እዚያው ቤት ውስጥ ይመልሰዋል እንጂ ወደ ውጭ አያወጣም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ማጣሪያውም አያስቀረውም። ፍሙ ቀልቶ፣ ጢሱ ጠፍቶ፣ አመድ ሲለብስ «አሁንስ ደህና ነው» እንላለን። መርዙ ግን ያኔም ይወጣል። አገር ቤት በብርድ ሌሊት ከሰል ክፍል አስገብተው የተኙ ሰዎች ሳይነቁ መቅረታቸውን ሁላችንም ሰምተናል። የአሜሪካ ቤት ደግሞ ለብርድ ተብሎ ጥርቅም ያለ ነው። መስኮት መክፈትም አያስተማምንም።

ጀበናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ያፍሉት፤ እጣኑንም በኤሌክትሪክ ማጨሻ ያጭሱት። ረከቦቱ፣ ቄጠማው፣ ፈንዲሻው ይኑር። ልጆችዎ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ በየፎቁ፣ መኝታ ክፍል አጠገብ ይስቀሉልዎ። ከጮኸ፣ ወይም ቤት ያለው ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ራሱን ካመመውና ካጥወለወለው፣ ምንም ሳይፈልጉ ሁላችሁም ወደ ውጭ ውጡ፤ 911 የምትደውሉት ከወጣችሁ በኋላ ነው።