በቤት የተሠራው ጊታርና ከኮምቦልቻ የመጣው የሥራ ጥሪ

ጠያቂያችን ከደሴ የጻፈልን ወጣት ነው። በእንጨት ሥራ ከደረጃ 4 ተመርቆ የብቃት ምዘናውን አልፏል፤ ላለፉት ሁለት ዓመታትም በአጎቱ የቤት ዕቃ መሥሪያ ውስጥ እየሠራ ነው። ማታ ማታ ደግሞ በእናቱ ጓሮ ባለችው ክፍል ውስጥ ከተራረፈ ዋንዛ አንድ ኤሌክትሪክ ጊታር ሠርቶ ጨርሷል። ጊታሩን ያየ በሠርግ ላይ የሚጫወት ጓደኛው ቤዝ ጊታር እንዲሠራለት ጠይቆታል። በዚሁ መካከል ኮምቦልቻ ከሚገኝ አንድ ፋብሪካ በጥገና ክፍል ረዳት ቴክኒሻንነት እንዲቀጠር ጥሪ መጥቶለታል። ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው፦ ጥሪውን ትቼ ጊታርና ቤዝ የምሠራበት የራሴን ዎርክሾፕ ልክፈት ወይ? ጊታሬ ከአምስተኛው ፍሬት (በአንገቱ ላይ በአግድም ከሚተከሉት ቀጫጭን ብረቶች ከአምስተኛው) በላይ ቅኝቱን የሚስተውስ ዋንዛ ለጊታር የማይሆን እንጨት ስለሆነ ነው ወይ?

ልጄ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ለ14 ዓመት የእንጨት ሥራ ያስተማርሁ ሰው በመሆኔም ከላክኸው ፎቶግራፍ ላይ ዓይኔን መንቀል አቅቶኝ ነበር። አንገቱና ገላው የተገናኙበት ቦታ ፀጉር እንኳን አያስገባም፤ እንዲህ ያለ መጋጠሚያ ከብዙ ተመራቂ እጅ አይወጣም። ስለዚህ አብሽር፤ ከዚህ በታች የምልህን ሁሉ እጅህን አክብሬ እንደምናገር አውቀህ አንብበው። ሁለተኛውን ጥያቄህን አስቀድማለሁ፤ ለመጀመሪያው የምሰጥህ ምላሽ የሚወጣው ከእሱ ውስጥ ነውና።

ዋንዛው ጥፋት የለበትም። በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ክሩ ብረት ነው፤ ከፒካፑ (ከክሩ ሥር ከሚገጠመው ማግኔትና ሽቦ) በላይ ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ያናውጠዋል፣ በማግኔቱ ዙሪያ ብዙ ሺህ ጊዜ በተጠመጠመው ፀጉር በሚያህል የመዳብ ሽቦ ውስጥም አነስተኛ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ አምፕሊፋየሩ የሚያጎላውም ይህንኑ ነው። የእንጨቱ ዋና ሥራ ክሩን አጥብቆ መያዝና ሳይጣመም መቆየት ነው። ፍሬቶቹ በትክክለኛ ቦታቸው ላይ መዋላቸው ግን የለካኪው ኃላፊነት ነው፤ አንተ ደግሞ እያንዳንዱን ፍሬት ከእሱ በፊት ካለው ፍሬት ላይ ተነሥተህ በሜትር እየለካህ ምልክት እንዳደረግህ ጽፈሃል። ስህተቱ የገባው በዚህ በኩል ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። የክሩ ርዝመት ከነቱ (በአንገቱ ጫፍ ክሩ ከሚያርፍበት) እስከ ብሪጁ (በገላው ላይ ክሩ እስከሚያርፍበት) 648 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ይህንን የፍሬት ርቀት ለማስላት ለሚያገለግለው ቋሚ ቁጥር ለ17.817 ስታካፍል 36.4 ታገኛለህ፤ የመጀመሪያው ፍሬት ከነቱ በዚህ ርቀት ላይ ይቀመጣል። የቀረውን 611.6 በዚያው ቁጥር ስታካፍል ደግሞ 34.3 ይመጣል፤ እንዲህ እያልህ 12ኛው ፍሬት ላይ ስትደርስ ልክ በክሩ እኩሌታ፣ በ324 ሚሊ ሜትር ላይ ትውላለህ። ስሌቱን በዚህ መንገድ መሥራት ትክክል ነው፤ ምልክቱን በዚህ መንገድ ማድረግ ግን አደጋ አለው። የእርሳስህ ውፍረት በየፍሬቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ወደ አንድ ወገን ቢያሳስትህ፣ 12ኛው ላይ ስትደርስ 6 ሚሊ ሜትር ተጠራቅሟል ማለት ነው፤ ይህም የግማሽ ድምፅ (በሁለት ተከታታይ ፍሬቶች መካከል ያለው የድምፅ ልዩነት) አንድ ሦስተኛ ያህል ስለሆነ የሠርግ ታዳሚ ጆሮ ሳይቀር ይሰማዋል። ከታች ባሉት ፍሬቶች ላይ ያልታወቀህ፣ ከአምስተኛው ጀምሮ እየባሰ የሄደው ስህተቱ እየተደማመረ ስለመጣ ነው። መፍትሔው ርቀቶቹን ሁሉ አስቀድሞ ደምሮ በወረቀት ላይ መጻፍ፣ ከዚያም የብረት ማስመሪያውን ነቱ ላይ አንዴ አጥብቆ አስሮ ሳያነሡ ሁሉንም ከዜሮ መለካት ነው፤ አምስተኛው ፍሬት ለምሳሌ በ162.5 ላይ ይውላል። ምልክቱንም በእርሳስ ፋንታ በሹል ቢላ አድርገው። አንገቱን አትጣለው፤ የፍሬት ገበታውን በልብስ ካውያ ቀስ እያልህ ብታሞቀው ኮላው ይለቅቃል፣ ሌላ ገበታም ትለጥፍበታለህ።

አዲሱን ገበታ ከለጠፍህ በኋላ ሌላ ፈተና አድርግለት። ክሩን በ12ኛው ፍሬት አናት ላይ ሳትጫን ብቻ በጣትህ ነክተህ ምታው፤ ቀጥለህም በዚያው ፍሬት ላይ ተጭነህ ምታው። የተጫንኸው ድምፅ ከፍ ብሎ ከወጣ ክሩ የሚያርፍበትን የብሪጁን ኮርቻ ወደ ኋላ ሳበው፤ ዝቅ ካለ ወደ ፊት ግፋው። ክር ሲጫኑት ስለሚወጠር ድምፁ በጥቂቱ ከፍ ይላል፤ ወፍራሞቹ ክሮችም ከቀጭኖቹ የበለጠ ወደ ኋላ መሳብን ይፈልጋሉ። በቤዝ ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል።

ስለ እንጨት ካነሣን፣ በእኛ አገር ሊታሰብ የሚገባው ትልቅ ነገር እርጥበት ነው። በነሐሴ ጉም ደሴ ላይ የተሠራ አንገት ሐረጎን ወርዶ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ወደምትለው ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወደ ባቲ ሲገባ ይደርቃል፤ ገበታው ሲኮማተርም የፍሬቶቹ ጫፍ ወጥቶ የተጫዋቹን እጅ ይቧጭራል። እኔ በወጣትነቴ ካልደረቀ ባሕር ዛፍ የቤዝ አንገት ጠርቤ ነበር፤ ሚያዝያ ላይ ቀጥ ያለው አንገት በሰኔ እንደ ገመድ ተጠማዝዞ አገኘሁትና የሁለት ወር ድካሜ ለማገዶ ሆነ። ያረጀ የዋንዛ ሳጥን፣ ከፈረሰ ቤት የወጣ በር ወይም ምሰሶ ካገኘህ ከአዲስ ጣውላ አስበልጠው፤ ለዐሥርተ ዓመታት የደረቀ ነው፣ ስለ እሱም አዲስ ዛፍ አይቆረጥም። ብሪያን ሜይ የተባለው እንግሊዛዊ ጊታሪስት እ.ኤ.አ. በ1963 ከአባቱ ጋር በቤታቸው መሥራት የጀመረው ጊታር አንገቱ ከአሮጌ የምድጃ ክፈፍ የተጠረበ ነበር፤ ያንን ጊታር ዓለም በሞላ ከሰማው በኋላም ሰውየው ወደ ፊዚክስ ትምህርቱ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2007 በሥነ ፈለክ ዶክትሬቱን ተቀብሏል። ለፍሬት ገበታ ከሆነ ወይራን የሚያህል ጠንካራ እንጨት በአካባቢያችን አላውቅም፤ አሮጌ የወይራ ምሰሶ ያለው ሰው ካለ ለምነህ ውሰድ። ዱቄቱ ለሳንባ ክፉ ስለሆነ የብርጭቆ ወረቀት በያዝህ ቁጥር አፍና አፍንጫህን ሸፍን።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ። ምክሬ ግልጽ ነው፦ ጥሪውን ተቀበል፣ ዎርክሾፑን አሁን አትክፈት፣ ጊታር መሥራትህን ግን ለአንድ ሳምንትም አታቋርጥ።

ምክንያቱን ራስህ ከጻፍኸው ሒሳብ ላይ ላሳይህ። ለመጀመሪያው ጊታር ዕቃ ብቻ 19 ሺህ ብር አውጥተሃል፤ ጓደኛህ ለቤዙ 30 ሺህ ብር ሊከፍልህ ተስማምቷል። የቤዙ ዕቃ በዚያው ዋጋ ይገኛል ብንል እንኳን የሚተርፍህ 11 ሺህ ብር ነው። ለጊታሩ አራት ወር፣ በሳምንት 13 ሰዓት ያህል ከሠራህ ወደ 220 ሰዓት ይመጣል፤ ለአንድ ሰዓት ድካምህ 50 ብር ደረሰህ ማለት ነው። ከዚህ ላይ የመብራት፣ የተበላሸ እንጨት፣ የምላጭና የመሣሪያ ወጪ አልተቀነሰም፤ ዎርክሾፕ ስትከፍት ደግሞ ኪራይ፣ ንግድ ፈቃድና ግብር ይጨመሩበታል። ፒካፑም፣ መቃኛውም፣ የፍሬቱ ሽቦም የሚመጣው ከውጭ በመሆኑ፣ አንድ ዕቃ በዘገየ ቁጥር ሥራህ በሙሉ ይቆማል። ማታ በጓሮ ክፍል ውስጥ ሲሆን መዘግየቱ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቅሃል፤ የቤት ኪራይ ቀን በደረሰበት ወር ግን ዕዳ ውስጥ ይከትሃል። ደስ የሚልህን ሥራ በዚህ ጭንቀት ውስጥ እንዳትከተው እፈራለሁ።

የፋብሪካው ሥራ ከጊታሩ የራቀ መስሎ ከታየህ እንደገና አስበው። በጥገና ክፍል ውስጥ በካሊፐር የሚሊ ሜትርን ክፍልፋይ መለካት፣ የኤሌክትሪክ ንድፍ ማንበብ፣ ስታኞ በወጉ መበየድ፣ አንድ ማሽን ለምን እንደቆመ ደረጃ በደረጃ መፈለግ የዕለት ተዕለት ሥራህ ይሆናል፤ ለጊታርህ የጎደለህም ይኸው ነው። ቃለ መጠይቅ ያደረጉልህ ሰዎች ከዲፕሎማህ ይልቅ ስለ ጊታሩ ሽቦ አብዝተው እንደጠየቁህ ጽፈሃል። ይህንን በቀላሉ አትየው፤ በትርፍ ጊዜህ የሠራኸው ነገር ሥራ አስገኝቶልሃል። ከእንግዲህ ለምትሠራው ሁሉ የንድፉን ወረቀት፣ የወጪውን ዝርዝር፣ የሰዓቱን ብዛት፣ የተሳሳትህበትንና ያረምህበትን መንገድ በአንድ ደብተር ውስጥ ከፎቶግራፍ ጋር አስቀምጥ። የሥራ ልምድ መግለጫህ ላይም «ትርፍ ጊዜ፦ ሙዚቃ» ብለህ እንዳታልፈው፤ «ኤሌክትሪክ ጊታር ከነንድፉና ከነሽቦ ሥራው ሠርቻለሁ» ብለህ ሙሉውን ጻፈው።

ገንዘብ እንዲያመጣልህ የምትፈልግ ከሆነ በጥገና ጀምር። በደሴና በኮምቦልቻ አዲስ በእጅ የተሠራ ቤዝ የሚገዛ ሰው በዓመት ስንት ይሆናል? ፍሬቱ ያለቀ፣ መሰኪያው የላላ፣ ቮልዩሙ የሚንሿሿ፣ አንገቱ የጎበጠ ጊታር ግን በየሠርግ ባንዱ፣ በየመዘምራኑና በየትምህርት ቤቱ ክበብ ውስጥ አለ። ሊዮ ፌንደርም በሒሳብ ሠራተኛነት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1938 በካሊፎርኒያ የሬዲዮ ጥገና ሱቅ የከፈተ ሰው ነው፤ ጊታር መጫወት ሳይችል፣ ሙዚቀኞቹ ለጥገና ይዘውለት የሚመጡትን እያየ ብዙ ዓመት ከቆየ በኋላ ነው እ.ኤ.አ. በ1951 ዛሬም ድረስ የሚቀዳውን ቤዝ ጊታር ያወጣው። ለጥገና ብዙ ዕቃ አያስፈልግህም፤ ሞረድ፣ ካውያ፣ መልቲሜትርና ትዕግሥት ይበቁሃል፣ ክፍያውም በዚያው ሳምንት እጅህ ይገባል።

በወሎ ደግሞ ሌላ ቦታ የማይገኝ ሥራ አለ። አምባሰልና ባቲ የቅኝት ስም ከመሆናቸው በፊት የአገራችን የቦታ ስም ናቸው፤ መሰንቆና ክራር የሚይዝ ሰውም እዚህ ሞልቷል። የመሰንቆ ክር የፈረስ ጭራ ስለሆነ የጊታር ፒካፕ አይሰማውም፤ ማግኔት የሚያውቀው ብረትን ብቻ ነውና። ለመሰንቆ ከገላው ላይ ተለጥፎ እርግብግቢቱን ራሱን የሚያደምጥ ፒየዞ የተባለ ስስ ሳንቲም መሰል ዕቃ ያስፈልጋል። ይህንን በሥርዓት የሚገጥም፣ የቆዳውን ድምፅ ሳያፍን ቦታውን የሚመርጥ ባለሙያ ቢገኝ ብዙ ተጫዋች በሩን ያንኳኳል ብዬ አምናለሁ። ፍሬት የሌለው ቤዝ ለምን እንደማትሞክርም አስባለሁ፤ የጊታር ፍሬት ስምንዮሹን (አንድ ድምፅ ከፍ ብሎ እስኪደገም ያለውን ርቀት) በ12 እኩል የሚከፍል ሲሆን፣ የመሰንቆ ተጫዋች ጣት ግን የሚያርፍበትን ቦታ የሚመርጠው በጆሮው ነው። ፍሬት የሌለው ቤዝ እሱን መከተል ይችላል፤ ለሠሪውም ፍሬት የመግጠሙን ድካም ያስቀርለታል።

ለጓደኛህ ቤዝ ቃልህን ሰጥተህ ከሆነ ሥራው፣ ነገር ግን የመጀመሪያውን ጊታር ገበታ አስተካክለህ ከጨረስህ በኋላ ይሁን፤ ቀጠሮውንም በስድስት ወር ያዝ። የጊታር ስድስት ክሮች በአንድ ላይ 45 ኪሎ ያህል ሲስቡ፣ የቤዝ አራት ክሮች ከ70 ኪሎ በላይ ይስባሉ፤ ርዝመቱም ብዙውን ጊዜ 864 ሚሊ ሜትር ነው። በአንገቱ ውስጥ የብረት ትራስ ሮድ (አንገቱ በክሩ ጉተታ እንዳይጎብጥ የሚይዝ ዘንግ) ሳታስገባ ክር እንዳትወጥርበት።

አንድ ነገር በጥብቅ እለምንሃለሁ። የጊታሩ ክሮች በብሪጁ በኩል ከአምፕሊፋየሩ መሬት ጋር የተያያዙ ናቸው፤ የቤቱ መስመር አርዝ ከሌለው ወይም አምፕሊፋየሩ ከተበላሸ፣ ክሩን ይዞ ከንፈሩን ማይክሮፎን ላይ የሚያስጠጋ ዘፋኝ በኤሌክትሪክ ሊመታ ይችላል። የሠራኸውን ወይም የጠገንኸውን ለሰው ከመስጠትህ በፊት በክሩና በማይክሮፎኑ ብረት መካከል ያለውን ቮልቴጅ በመልቲሜትር ለካ፤ ጥቂት ቮልት እንኳን ካሳየህ ምክንያቱን ሳታገኝ አታስረክብ።

ለፋብሪካው መልስ ከመስጠትህ በፊት ስለ ፈረቃው ጠይቅ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ የቀን ፈረቃ ከሆነ ተመላልሰህ መሥራት ትችላለህ፤ የሌሊት ፈረቃ በየሳምንቱ የሚቀያየር ከሆነ ግን እዚያው ክፍል መከራየት ሊኖርብህ ነውና፣ የሥራ ጠረጴዛህንና ሞርሳህን የት እንደምታስቀምጥ ከእናትህ ጋር ተመካክረህ ወስን። የፈረቃውን ሰዓት ስታውቅ ጻፍልኝ፤ ለሳምንቱ የሚሆን የሰዓት ድልድል አብረን እናወጣለን።